የዳንግላ ተራ

«ለቅሶ አለብኝ የሚል ሰው የሟቹን ስም ይናገር። ስም ያልተናገረ በተራው ይሄዳል።»

ድምፅ ማጉያው ይህን ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መስኮቱ ፊት የቆመው ጃኬት ለባሽ ሰውዬ ግን አልሳቀም። ትንሽ ቀደም ብሎ ከሰልፉ ወጥቶ፣ ለቀብር ነው የምሄደው፣ ወደ ዳንግላ አስቀድሙኝ ብሎ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ተራ አስከባሪ ምስጋናው ማይክሮፎኑን ሳያጠፋ «ማን ሞተብህ?» አለው። ሰውዬው «ዘመድ» አለ። «ዘመድህ ስም የለውም?» ሰውዬው የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ። እኛ ዘንድ ሰው ተራ ለመቅደም ይዋሻል፤ በሕይወት ያለን ሰው ስም ጠርቶ ሞተ የሚል ግን አይገኝም። ሟርት ነው፤ አፍም አይታዘዝ። ምስጋናው ይህን ስለሚያውቅ ነው ሕጉን ያወጣው። አዲሱ የእንጅባራ መናኸሪያ ከተከፈተና ሁሉም ቁጥር ይዞ መጠበቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ለቅሶ የሌለበት ተሳፋሪ ጠፍቶ ነበር።

«የሚሞተው ሰው ገና አልተመረጠም መሰለኝ» አለች ከአጠገቤ የተቀመጠችው እመቤት፣ ጮክ ብላ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። እመቤት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። «ደግ አደረጉት ጋሼ። ተራ ተራ ነው።»

እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ የሳቅሁም ይመስለኛል። እመቤት የታናሽ ወንድሜ የአየነው ሚስት ናት። አየነው የዚያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ ሞቷል። እሷ አታውቅም።

የነገረኝ አጎቴ ነው፣ በስልክ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር ነገሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው ያስረዳኝ። አየነው የወላጆቻችንን ቤት ቆርቆሮ ሊያድስ ወደ ገጠር፣ ከዳንግላ አለፍ ብሎ ወዳለው ቀበሌያችን ሄዶ ነበር። ሆዴን አመመኝ ብሎ ተኛ። መንገዱ በዚያው ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መኪና ሲፈለግ ሰነበተ። መንገዱ የተከፈተው እሱ ባረፈበት ማለዳ ነው። «ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ዝናብ ስለሆነ ከዚያ አናሳልፈውም» አለኝ አጎቴ። «ሚስቱን ይዘሃት ና። መንገድ ላይ እንዳታረዳት።»

ይህን እንኳ ባይለኝም አውቀዋለሁ። መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገር። የሞተበት ሰው ቤት ገብቶ፣ የሚይዙት እጆች ዙሪያውን ቆመው፣ ቀድሞ የሚያለቅስለት ሰው ተገኝቶ ነው። መንገድ ላይ የተረዳች ሴት ራሷን ብትጥል ማን ያነሳታል? ሰው የላትም ማለት ነው። እመቤት ደግሞ በእርግጥም ሰው የላትም፤ አገሯ ደብረ ታቦር ነው። አየነው እዚያ ለሥራ ሄዶ አግብቷት መጣ፣ ሁለት ዓመት አልሞላትም። እንጅባራ ውስጥ የእኔ የምትለው እሱን ነበር፣ ከእሱ ቀጥሎ እኔን። አዊኛ ገና አልለመደችም። እናቴ ስታናግራት ፈገግ ብላ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ወደ አየነው ዞራ ምን አሉ ትላለች።

«አየነው ትንሽ አመም አድርጎታል፣ ሊያይሽ ይፈልጋል» አልኋት። ፊቴን አየችው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ የምውል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜም ጫማዬን እንደማስር አቀረቀርሁ። ሮጣ ገብታ አጥሚት አፍልታ ፔርሙስ ሞላች። ግራጫ ሹራቡን አጣጥፋ በፌስታል ያዘች። «ወትሮም ብርድ አይችልም» አለች፣ በሩን ስትቆልፍ።

መናኸሪያው ያምራል፤ ይህን ማንም አይክድም። የድሮው በነበረበት ጊዜ ክረምት ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ረዳቶቹ በቀርከሃው አጥር ላይ ተንጠላጥለው እየጮሁ፣ እንደ ሰው ፊት ሒሳብ ይቆርጡ ነበር። ገጠሬ ከሆንህ መቶ ሃምሳ፣ የቢሮ ሰው ከመሰልህ መቶ። አሁን ጣሪያ ያለው አዳራሽ አለ፣ የብረት ወንበሮች፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት፣ ቁልፍ ያለው ሽንት ቤት፣ እናቶች ሕፃን የሚያጠቡበት ክፍል። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ የታሪፍ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ዳንግላ ሰማንያ አምስት ብር ይላል፣ ከሥሩ አቤቱታ የሚቀርብበት ስልክ ቁጥር አለ። ቁጥር ከመስኮት ትወስዳለህ፣ ሒሳብህን ስትሳፈር ለረዳቱ ትከፍላለህ፣ ከታሪፉ በላይ የጠየቀ ይቀጣል። ሁሉም ነገር አለ። መኪና ግን የለም። መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን የተጠራቀመው ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት ወጥቶ አዳራሹን ሞልቶታል፤ ወደ ዳንግላ የሚሄዱት ሚኒባሶች ግን በየሰዓቱ አንድ ቢገቡ ነው። የእኛ ቁጥር ሰባ አንድና ሰባ ሁለት ነበር። ከግቢ ውጭ ኮንትራት መጫን በተከለከለ በሳምንቱ ነው ይኼ የሆነው። በር ላይ ወጥቼ ሁለት ሾፌር ለመንሁ። አንደኛው መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል አለኝ፤ ሌላው መስኮቱን ዘጋብኝ።

እመቤት ግን ደስ ብሏት ነበር የተቀመጠችው፤ የታመመ ባል ያለባት ሴት ደስ ሊላት የሚችለውን ያህል። ምክንያቱም የአዳራሹን ወለል ያነጠፈው አየነው ነው። ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፣ ሦስት ወር ሙሉ በጉልበቱ ሲሄድ ከርሞ ነው የጨረሰው። ጠዋት ስንገባ ከአንዲት የጫግኒ ነጋዴ ጋር የተጣላችው በዚሁ ነው። ሴትዮዋ ዋሲላ ትባላለች፣ የጨርቅ ጥቅሏን ወንበር ላይ ዘርግታ ወደ ጫግኒ የሚሄድ መኪና ትጠብቃለች።

«ወንበሩ ለሰው ነው፣ ዕቃው መሬት ይበቃዋል» አለቻት እመቤት።

«ወንበሩን ባልሽ ነው እንዴ የገዛው?»

«ወንበሩንስ አልገዛም። የረገጥሽውን ወለል ግን ባሌ ነው የሠራው።»

ዋሲላ ቁልቁል አየች። «እንዲያማ ከሆነ እግሬንም ልሰብስብ» አለች፤ ጥቅሉንም አወረደችው፤ ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው እመቤት እያንዳንዷን ታሳያት ጀመር። እዚያ ጥግ ላይ መጀመሪያ የመጣችው ሴራሚክ የተሰነጠቀች ነበረች፣ መሐንዲሱ ዝም ብለህ ንጠፋት ሲለው አየነው እንቢ ብሎ ከኪሱ ገዝቶ ቀየራት። ያቺ በር ላይ ያለችው ውኃ እንዳይተኛ ትንሽ አዘንብሎ የሠራት ናት። «እኔ ቤት ግን አሁንም አፈር ነው» አለች። «ሰው ቤት ያነጥፋል፣ የራሱን ከርሞ ይላል።» ዋሲላ ወንድ ሁሉ እንዲያ ነው አለቻት። እኔ የታሪፍ ሰሌዳውን አነብ ነበር። ጫግኒ፣ አዘና፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር። እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበዋለሁ።

ስልኳን ሶኬቱ ላይ ሰክታ ትደውልለታለች። የሚጠራው ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል። እዚያ፣ የወላጆቼ ቤት ውስጥ፣ ያ ስልክ ሬሳው አጠገብ በሆነ መደብ ላይ እየጮኸ እንደሆነ ይታየኛል። አንዱ አላዋቂ አንስቶት ልቅሶው ቢሰማትስ?  «ይጠራል፣ አያነሳም» ትላለች። «ተኝቶ ይሆናል» እላለሁ። «ይተኛ፣ እንቅልፍ ጥሩ ነው።» ትንሽ ቆይታ ፔርሙሱን ትዳስሳለች። «አጥሚቱ ሳይበርድ ብንደርስ ነበር።»

አምስት ሰዓት ሲሆን ገና አርባ ስድስት ቁጥር ላይ ነበሩ። ዳንግላ ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሌላ አንድ መኪና ካመለጠን አየነውን ሳናየው አፈር ይለብሳል። ከሥርዓቱ ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው፤ ባሏ ሲቀበር ያልቆመች ሴት ዕድሜ ልኳን በሩን እያየች ትኖራለች። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብያት በጓሮ ዞሬ የምስጋናውን ክፍል አንኳኳሁ።

የደንብ ልብሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ ያውቀኛል። ነገርሁት። ኮፍያውን አወለቀ። «አየነው ደሴ? የእኛ አየነው?» አለ። «ጋሽ ቢሻው፣ እግዜር ያጥናህ» አለኝ። ከዚያ ፊቱን አሸት አሸት አደረገው። «ግን ሳልናገር ላስገባህ አልችልም። ጠዋት ያን ሰውዬ ያዋረድሁት በሰው ፊት ነው። አሁን ሰባ ሁለት ቁጥርን ከአርባ ስድስት ባስቀድም ይህን መስታወት ይሰብሩታል፤ እውነትም አላቸው። በማጉያው ልናገርና በደስታ ነው የሚለቁልህ። ለሬሳ እንቢ የሚል የለም።»

«ከተናገርህማ ትሰማለች።»

«እና ለአርባ ሰው በየጆሮው ልዙር? እሷ እያየች?»

በመስታወቱ አዳራሹን አየሁት። እመቤት ለዋሲላ ሹራቡን ከፌስታል አውጥታ ታሳያታለች፣ ክርኑ ላይ የጠቀመችውን። ሰልፉ ላይ ያሉት የገጠር ሰዎች ናቸው፤ በመንገዱ መዘጋት ከገበያ የቀሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በአዊኛ ነው። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ በደንብ ያሰብሁ መስሎኝ ነበር። «በአዊኛ ተናገር» አልሁት። «እሷ አትሰማም። ስሙን ግን አትጥራ።»

ምስጋናው ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። ወትሮ ሲናገር እንደ ዘፋኝ ድምፁን ያሳምራል፤ ያን ዕለት ግን እንደ ሽማግሌ ነው የተናገረው፣ ዝቅ አድርጎ። በአዊኛ ያለው እንዲህ ነው። «ወገኖቼ፣ ከመካከላችን ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ከዳንግላ ወዲያ። እሷ ገና አልተረዳችም፣ ቋንቋችንንም አትሰማም። ፔርሙስ የያዘችው ናት። አትዩዋት። አትደንግጡ፣ አታልቅሱ። የሚመጣውን መኪና ልቀቁላት።»

ወደ አዳራሹ ስመለስ ማንም አያያትም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አርባ የሚሆን ሰው አንገቱን ቀጥ አድርጎ የታሪፍ ሰሌዳ ያነባል። ማንበብ የማይችሉትም ያነባሉ። በቆሎ ሲፈለፍሉ የነበሩ ሴቶች እጃቸው ቆመ። ጃኬት ለባሹ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ነክሳ ያዘችው። ያለቀሰውን ሕፃን እንኳ እናቱ ይዛው ወደ ማጥቢያው ክፍል ገባች። የቀረው ድምፅ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው።

እኔ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ዋሲላም አዊኛ አትሰማም። ጫግኒ ተወልዳ ያደገች የነጋዴ ልጅ ናት። «ምን አለ?» ብላ ከወዲያ በኩል የተቀመጠችዋን ገበሬ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አመነታች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ ነገረቻት። ዋሲላ ሹራቡን በእጇ ይዛው ነበር። እጇ እዚያው ደረቀ። ከዚያም አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ እሷ ብቻ ቀጥ ብላ እመቤትን አየቻት።

«ምንድን ነው ያለው?» አለች እመቤት።

«ስለ... ስለ ተራ ነው» አለች ዋሲላ። ሹራቡን እጥፉን ሳታበላሽ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

ሚኒባሱ በር ላይ ደረሰ። ምስጋናው በአማርኛ «ዳንግላ፣ ሰባ አንድና ሰባ ሁለት ይግቡ» አለ። ፔርሙሱን አነሳሁ። እመቤት ግን አልተነሳችም። «ተሳስቷል። አርባ ስድስት ላይ ነን እኮ» አለች። ማንም አልተቃወመም። ቁጥሩን በጣቶቹ መካከል የያዘ አንድ ሽማግሌ ከፊቷ ቆሟል። «አባቴ፣ ተራዎን እየወሰዱብዎት ነው» አለችው። ሽማግሌው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ «ሂጂ ልጄ» አላት። «ለምን?» አለች።  ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ ወደ መኪናው የሚወስድ ሰፊ መንገድ ወጥቶለት ነበር። ክንዷን ያዝሁ፤ ተነሳች፤ በመካከላቸው ሄድን። በምናልፍበት ሁሉ ሰው ኮፍያውን ያወልቃል፣ ዓይኑን ይሰብራል። እሷ ግራና ቀኝ ትመለከታለች። 

በሩ ላይ ረዳቱ ቆሟል፤ ጎረምሳ ነው፣ ጆሮው ላይ ቀለበት ያደረገ። እመቤት ከመቀነቷ ብር አውጥታ ዘረጋችለት። «የሁለት ሰው» አለች። ረዳቱ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ይቅር እህቴ» አለ።

«ምን ይቅር?»

«ሒሳቡ ይቅር። ግቢ ብቻ።»

ብሩን እንደዘረጋች ቀረች። ረዳቱን አየችው፣ ቀጥሎ ዞር ብላ አዳራሹን አየች፣ ሰሌዳ የሚያነቡትን ጀርባዎች፣ በመጨረሻ ዋሲላን። ዋሲላ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ አፏን በእጇ ይዛ።

«ለእሷ ነገሯት» አለች እመቤት። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር፣ እንደሚቆጥር ሰው። «እሷም እንደ እኔ ቋንቋውን አትሰማም። ለእሷ ነገሯት፣ ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ረዳት ሒሳብ አልፈልግም የሚለው ምን ሲሆን ነው?»

«ግቢና መንገድ ላይ...»

«አየነው ነው።»

«ቤት እንድረስ እመቤት። እናቴ አለች፣ ሰዎቹ አሉ፣ እዚያ ሁሉም...»

«እዚሁ ይንገሩኝ» አለች። «እዚህ ሰው አለ።»

 አባቴ የአጎቴን ልጅ ሲያረዳ አይቻለሁ፣ እናቴም ጎረቤቶቿን፤ የሚባለውን አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሚጀመርም አውቃለሁ። አንዱም አልመጣልኝም። «አየነው አርፏል» አልሁ። እንዲሁ ባዶውን። «ዛሬ ንጋት ላይ።»

አልጮኸችም። ወደ መኪናው አንድ እርምጃ እንደመሄድ አለች፤ ከዚያ ተመልሳ ወደ አዳራሹ ገባችና ወንበር ሳትፈልግ መሬት ተቀመጠች፣ ሴራሚኩ ላይ። በሁለት መዳፏ ወለሉን ነካችው፤ በመጀመሪያ በቀስታ፣ ሻካራ ቦታ እንደምትፈልግ። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የወጣው። አርባውም ሰው ዞረ። ከዚያ በኋላ አትዩዋት የሚል አልነበረም። አሮጊቷ ከጀርባዋ ደግፋ ያዘቻት፣ ዋሲላ ከፊት ተንበርክካ እጆቿን ያዘች፣ ሴቶቹ በአዊኛ ሙሾ ያወርዱ ጀመር፣ ስሙን ከእኔ እየጠየቁ፣ አየነው፣ አየነው እያሉ፤ ፊቱን አይተውት የማያውቁትን ልጅ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ገልብጣ ያለበሰቻት ያቺ ለዋሲላ የነገረቻት ገበሬ ናት። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ፣ ከረዳቱ ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ምስጋናው ወጥቶ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው ሰዓቱ ትዝ ያለኝ።

ስንሳፈር ዋሲላ ተከትላን ገባች። የጨርቅ ጥቅሏን ለምስጋናው አስረክባው ነበር። «ያንቺ ጫግኒ ነው እኮ» አልኋት። «ነገም ጫግኒ አለ» አለችኝ፣ ከእመቤት ጎን እየተቀመጠች። ፔርሙሱን ከእጄ ወሰደችው።

ደረስን። ሬሳው ከቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄድ ተቀላቀልን። ዝናቡ አላቆመም፤ ቀሳውስቱ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሰዉ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ። እመቤት እስከ መጨረሻው በእግሯ ቆማ አየችው። ቀብሩ ተፈጽሞ ሰው ለእዝን ወደ ቤት ሲመለስ፣ አባቴ እንደ ወጉ ጠየቀ፤ የሚስትየውን ወገን ለይቶ ማስቀመጥና ማጽናናት ስላለበት። ደብረ ታቦር በዚያ ቀን ሊደረስ የማይችል አገር መሆኑን ያውቃል፣ ግን ሳይጠየቅ አይታለፍም። «ከእሷ በኩል ማን መጣ?» አለኝ፣ በአዊኛ። መልስ ፍለጋ ወደ እመቤት ዞርሁ። ጥያቄውን ልተረጉምላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ምን እንደተባለ ማን እንደነገራት አላውቅም። ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ቀና ሳትል፣ እጇን ወደ ቤታችን ቅጥር በር ዘረጋች። ዋሲላ ከበሩ ውጭ፣ ዝናቡ ላይ ቆማ ነበር፣ ፔርሙሱን በክንዷ ታቅፋ።

«ያቻት» አለች። «የእኔ ሰው ያቻት።»